ኮምቦልቻ ላይ ክሪኬት፦ የአንድ ዲኤስቲቪ ቤት ግምገማ

ከደሴ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዶ ኮምቦልቻ የሚገባ ሰው እግር ኳስ የሚያይበት ቤት አያጣም። ክሪኬት የሚያይበት ግን እኔ እስካሁን የማውቀው አንድ ቤት ብቻ ነው። ቤቱ ከፊቱ ሻይ ቤት፣ ከኋላው አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት አዳራሽ ያለው ሲሆን ከመናኸሪያው በእግር ብዙም አያስኬድም። ከማመሰግነው ጎን የምወቅሰውም ነገር ስላለኝ፣ ባለቤቱም ጨዋ ሰው ስለሆኑ፣ ጽሑፌ ገበያቸውን እንዳይነካ ስሙን አልጠቅስም። የአካባቢው ሰው ግን በምልክቱ ያገኘዋል፤ በረንዳው ላይ በአርሰናልና በማንቸስተር ዩናይትድ ባንዲራ መሀል የህንድ ባንዲራ ተሰቅሎበታል።

ሁለት ጊዜ ሄጄበታለሁ። የመጀመሪያው የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ህንድና ኒውዚላንድ ዱባይ ላይ ለቻምፒየንስ ትሮፊ ዋንጫ የተጋጠሙበት እሑድ ሲሆን፣ ሁለተኛው ጥቅምት 23 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ የሴቶች የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ናቪ ሙምባይ ላይ በህንድና በደቡብ አፍሪካ መካከል የተካሄደበት እሑድ ነው። ከዚህ በታች ዓ.ም. ያላልኩበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፈ ነው።

ወደዚህ ቤት የወሰደኝ የቆየ ጥያቄ ነው። በ1975 ዓ.ም. ደሴ ላይ ሒሳብ ያስተማሩን መምህር ህንዳዊ ነበሩ፤ በዚያ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ ያስተምሩ ከነበሩት በርካታ የአገራቸው ልጆች አንዱ። ሰኔ ውስጥ አንድ ሰኞ ጠዋት ክፍል ገቡና ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡን ሰሌዳው ላይ 183 ጻፉ፤ ከሥሩ 140 ጻፉ፤ አሰመሩበትና «ልዩነቱ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁን። በዚያ ዕድሜ ለነበርን ተማሪዎች ጥያቄው ንቀት መሰለን። አርባ ሦስት አልን። መምህሩ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ባላየነው አኳኋን ሳቁ፤ ያሳቃቸውን ግን አልነገሩንም። ህንድ በ1983 ጁን 25 ቀን ሎርድስ በተባለው የለንደን ሜዳ የካሪቢያን አገሮች የጋራ ቡድን የሆነውን ዌስት ኢንዲስን በ43 ራን፣ ማለትም በ43 ነጥብ፣ አሸንፋ ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ዋንጫ መውሰዷን የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አንድን ቁጥብ ሰው እንዲያ ያሳቀው ጨዋታ ምን ዓይነት ነው የሚለው ጥያቄ ግን አብሮኝ ኖሯል።

የመግቢያው ዋጋ 50 ብር ነው። ለእግር ኳስ ከሚከፈለው ከፍ ያለ ቢመስልም፣ ኳስ በሁለት ሰዓት ሲያልቅ የአንድ ቀኑ ክሪኬት ግን ሰባት ሰዓት እንደሚፈጅ ያሰበ ሰው አይከራከርም። የየካቲቱ ጨዋታ በእኛ ከቀኑ 6 ሰዓት ሲጀምር አዳራሹ ውስጥ ሃያ ሰው አንሞላም ነበር፤ አብዛኞቹ በከተማው ፋብሪካዎች የሚሠሩና በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ ህንዳውያን ናቸው። ወቅቱ ዐቢይ ጾምና ረመዳን የተገጣጠሙበት ስለነበረ ሻይ ቤቱም ጭር ብሏል። ባለቤቱ ራሳቸው ጾመኛ ሆነው ለእንግዶቻቸው ሻይ ያስቀዱ ነበር። ለህንዶቹ የሚቀርበው ሻይ ወተቱና ቅጠሉ አብሮ የሚፈላ፣ ዝንጅብል የተጨመረበት ነው፤ እነሱ የለመዱት ሄል ቢሆንም ቤቱ የሚጠቀመው ኮረሪማ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት ህንዳዊ መምህር «መጀመሪያ ግር ብሎኝ ነበር፣ አሁን አገሬ ስሄድ የሚናፍቀኝ ይኸኛው ነው» አሉኝ። ለመብል ያለው ምስር ሳምቡሳ ብቻ ነው፤ ሆኖም ይህን የመረጠ ሰው አስቦ ነው የመረጠው። ሥጋ የማይበላው ህንድ ይበላዋል፤ የዐቢይ ጾም ጾመኛ ይበላዋል፤ ሲመሽ ማፍጠሪያም ይሆናል።

የቤቱ ትልቁ ሀብት ግን ስክሪኑም ሻዩም ሳይሆን፣ ከስክሪኑ በስተቀኝ ግድግዳ ተደግፎ የቆመው ጥቁር ሰሌዳ ነው። አንዲት ወጣት አስተናጋጅ ስድስት ኳስ በተወረወረ ቁጥር የያዘችውን ትሪ አስቀምጣ ጠመኔ ታነሣለች፤ ድምሩን ታድሳለች፤ የወደቀውን ዊኬት ትመዘግባለች። ዘግይቶ የገባ ሰው ማንንም ሳይጠይቅ ጨዋታው የደረሰበትን ያውቃል። ከየት እንደተማረችው ስጠይቃት «ከነሱው ነው ጋሼ፤ ሲጨቃጨቁ እየሰማሁ» አለችኝ። ጨዋታውን ለእኔም ያስረዳችኝ እሷ ናት፤ እንደሚከተለው።

እያንዳንዱ ቡድን 11 ተጫዋች አለው፤ አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው ይመታል። ወርዋሪው ክንዱን ሳያጥፍ፣ ሃያ ሜትር ያህል ርቆ ከቆመው መቺ ጀርባ የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች ለመምታት ይወረውራል። መቺው እንጨቶቹን እየተከላከለ ኳሱን አርቆ ይመታል፤ ኳሱ እስኪመለስ እሱና ባልንጀራው ቦታ በተለዋወጡ ቁጥር አንድ ራን ይቆጠርላቸዋል። ኳሱ መሬት ነክቶ ከወሰኑ ካለፈ አራት፣ ሳይነካ ካለፈ ስድስት ነው። ስድስት ውርወራ አንድ ኦቨር ይባላል፤ በአንድ ቀኑ ጨዋታ ለእያንዳንዱ ቡድን 50 ኦቨር ይሰጠዋል። አንድ መቺ ከጨዋታ ሲወጣ አንድ ዊኬት ወደቀ ይባላል፤ አሥር ከወደቁ የቡድኑ ተራ ያበቃል። እኔ በልጅነቴ ገና ስንጫወት ሩሯን የምናሳድዳት ሁላችንም ነበርን፤ እዚህ ግን አብዛኛው ሰው ቆሞ ይጠብቃል፤ ጥበቡ ያለው ከመጠበቁ ላይ ነው። ከባንኮኒው በላይ የተሰቀለውን መምቻ ባለቤቱ አውርደው አስያዙኝ። ከካሽሚር አኻያ የተሠራ፣ ፊቱ ጠፍጣፋ ጀርባው ጎበጥ ያለ፣ በኳስ ብዛት ፊቱ ላይ ቀያይ ጠባሳ የወጣበት ነው። ስፋቱ በሕጉ ከ10.8 ሳንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። ኳሷም ቆዳ የለበሰች ከመሆኗ በቀር ከድንጋይ የምትለይ አትመስልም።

የግድግዳው ሥዕሎች ብዙ ሊያስተምሩ ይችሉ ነበር፤ ጽሑፋቸው ግን መታረም አለበት። የያኔው የህንድ አምበል ካፒል ዴቭ ዋንጫውን በያዘበት ሥዕል ሥር «ሰኔ 1983 ዓ.ም.» ተብሏል። በ1983 ዓ.ም. ሰኔ እኛ ወሎዎች ደርግ ወድቆ ስለሌላ ነገር ነበር የምናወራው፤ ካፒል ዴቭ ዋንጫውን ያነሣው ከዚያ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ባለቤቱ ስነግራቸው ሥቀው «አብሽር ወንድሜ፣ ይታረማል» አሉኝ፤ በጥቅምት ስመለስ ግን እንዳለ ነበር።

ስለዚያ ዋንጫ ሥዕሉ የማይናገረውን አጠገቤ የተቀመጡት መምህር ነገሩኝ። ከ1983 በፊት በነበሩት ሁለት የዓለም ዋንጫዎች ህንድ ያሸነፈችው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው፤ ያሸነፈችውም በ1975 የኬንያን፣ የኡጋንዳን፣ የታንዛኒያንና የዛምቢያን ተጫዋቾች የያዘውን የምሥራቅ አፍሪካ ቡድን ነው። ስለዚህ በ1983 ከህንድ ማንም ምንም አልጠበቀም። ከዚምባብዌ ጋር ሲጋጠሙ 17 ራን ላይ አምስት ዊኬት ወደቀባቸው፤ እንደ ደንቡ ነገሩ አልቋል። አምበሉ ካፒል ዴቭ ግን ሳይወጣ ብቻውን 175 አስቆጠረና ቡድኑን ከሞት አወጣ። በዕለቱ ካሜራ ሜዳው ላይ ስላልነበረ ያን ጨዋታ የቀረጸ ፊልም የለም። መምህሩ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። በፍጻሜውም ህንድ 183 ብቻ አስቆጥራ፣ የዌስት ኢንዲሱን ኃይለኛ መቺ ቪቪያን ሪቻርድስን ካፒል ዴቭ ወደ ኋላ ሮጦ በቀለበው ኳስ አስወጣችው፤ ዌስት ኢንዲስ 140 ላይ አለቀች።

ወደ ኋላ ያለው ታሪክ ረዘም ይላል። ክሪኬት ህንድ የገባው በእንግሊዞች መርከብ ነው፤ የኢስት ኢንዲያ ኩባንያ መርከበኞች በ1721 በካምቤይ ባሕረ ሰላጤ እንደተጫወቱ ተጽፏል። የህንዶች ያደረጉት በመጀመሪያ ፓርሲዎች፣ ማለትም ዘራቸው ከፋርስ የመጣ የዞራስተር እምነት ተከታዮች የሆኑ የቦምቤይ ሰዎች፣ ናቸው፤ በ1848 የራሳቸውን ክለብ አቋቁመው በ1886 ወደ እንግሊዝ ቡድን እስከመላክ ደረሱ። ሂንዱዎቹና ሙስሊሞቹ ተከተሉ። ከዚያ የመጣው ለወሎ ሰው ግራ የሚያጋባ ነው፦ ትልቁ የቦምቤይ ውድድር በየሃይማኖቱ ተከፍሎ የሚካሄድ ነበር። በ1907 ሦስት ቡድን፣ በ1912 አራት፣ በ1937 አምስት እየሆነ ሄዶ በ1946 ቆመ፤ ጋንዲም በሃይማኖት ለይቶ መጫወትን ነቅፈውት ነበር። ወንድምና እህት በሁለት ሃይማኖት በአንድ ቤት በሚኖሩበት አገር ያደገ ሰው፣ እንዲህ ያለ ቡድን ሊመሠረት ቢነሣ ተጫዋቾቹን ለመክፈል የሚገጥመውን ጣጣ ያስበዋል።

በዚያ ዘመን ከነበሩት ሁሉ የያዘኝ የፓልዋንካር ባሉ ታሪክ ነው። «አይነኬ» ከሚባለው ወገን የተወለደ፣ በግራ እጁ ኳስ እያሾረ የሚወረውር ሰው ነበር። ለቡድኑ ዊኬት ሲጥል ሁሉ ያጨበጭብለታል፤ የሻይ ሰዓት ሲደርስ ግን ባልንጀሮቹ ውስጥ ገብተው ሲጠጡ ለእሱ በሸክላ ኩባያ ውጭ ይቀርብለታል፤ ኩባያውም ከዚያ በኋላ ይጣላል። በ1911 ወደ እንግሊዝ ሄዶ ከ100 በላይ ዊኬት ጣለ። አምበልነቱ ግን ለእሱ አልደረሰውም፤ ከዓመታት በኋላ የደረሰው ለወንድሙ ለቪታል ነው።

የክሪኬት ቦርዱ በ1928 ተቋቋመ፤ በ1932 ህንድ ሎርድስ ላይ የመጀመሪያውን ኦፊሴላዊ የብዙ ቀን ግጥሚያዋን አደረገች፤ የመጀመሪያውን ድል ለማግኘት እስከ 1952 ጠበቀች። በ1971 ዌስት ኢንዲስንና እንግሊዝን በየአገራቸው አሸነፈች። ይህን ሁሉ በጥቂት ቃል ያለፍኩት የጨዋታው ፍቅር መንደር የገባው ከ1983 በኋላ ነው ብዬ ስለማምን ነው። ከድሉ ዋዜማ፣ በ1982፣ የቀለም ቴሌቪዥን ህንድ ገብቶ ነበር፤ በ1987 የዓለም ዋንጫው ራሱ ከእንግሊዝ ወጥቶ ወደ ህንድና ፓኪስታን መጣ። በ1989 ደግሞ ሳቺን ቴንዱልካር የሚባል የ16 ዓመት ልጅ ካራቺ ላይ ተሰለፈ። ይህ ልጅ 24 ዓመት ተጫውቶ፣ በአንድ ተራ መቶ ራን መድፈንን መቶ ጊዜ ፈጽሞ፣ በ2013 ሲያቆም አገሩ ከፍተኛውን የሲቪል ኒሻን ሸለመችው። በ1995 የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በክሪኬት ሥርጭት ክርክር የተነሣ፣ የአየር ሞገድ የሕዝብ ሀብት ነው እንጂ የመንግሥት ብቻ አይደለም ብሎ ፈረደ፤ የግል ጣቢያዎችም ገንዘብ ይዘው መጡ። በ2008 በስምንት ቡድን የጀመረው የህንድ ፕሪሚየር ሊግ ዛሬ አሥር ቡድን ይዟል፤ ከ2023 እስከ 2027 ያለው የሥርጭት መብቱ የተሸጠው ከ480 ቢሊዮን ሩፒ በላይ ነው። ጨዋታው በገንዘብ ብዛት ተበላሽቷል የሚሉ አሉ፤ አጠገቤ የነበሩት መምህርም ከእነሱ አንዱ ናቸው፤ ሆኖም አንዱንም ጨዋታ እንደማያመልጣቸው ከአስተናጋጇ ሰምቻለሁ።

ወደ ቤቱ ልመለስ፤ ወቀሳዬ እዚህ ላይ ነውና። የካቲት ላይ ኒውዚላንድ 251 ራን አስቆጥራ፣ ህንድም ሮሂት ሻርማን ይዛ በጥሩ ሁኔታ እያሳደደች ሳለች፣ ልክ 11 ሰዓት ሲሆን ትልቁ ስክሪን ያለ ማስጠንቀቂያ ወደ ቼልሲና ሌስተር ጨዋታ ተቀየረ። እኛ በመጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ወደተሰቀለች ትንሽ ቴሌቪዥን ተሰደድን። የኒውዚላንዱ ግሌን ፊሊፕስ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ በአንድ እጁ የህንዱን ሹብማን ጊልን የቀለበባትን ቅጽበት ያየነው በዚያች ነው፤ ያውም የእጅ መታጠቢያ ፍለጋ በፊታችን በሚያልፍ ሰው ትከሻ ላይ። የአምስት ሰዓት ትዕግሥት ለፍሬ ሲደርስ ሰውን ከቦታው ማንሣት ክሪኬትን አለማወቅ ነው። ባለቤቱ የሰጡኝ መልስ ግን እውነት አለው፤ ቤታቸውን የሚያኖረው የኳሱ ተመልካች ነው። ቢያንስ ገንዘብ ሲቀበሉ «እስከ 11 ሰዓት ብቻ ነው» ብለው ቢነግሩን ኖሮ ቅሬታ ባልነበረ።

ያን ቅሬታዬን ግማሽ ያህል የሻረው ከዚያ የቀጠለው ነው። አዛን ሲባል ህንድ ጥቂት ኦቨር ቀርቷት፣ አምስተኛዋ ዊኬት ወድቃ፣ አዳራሹ በሙሉ ጥፍሩን ይነክስ ነበር። ባለቤቱ በሳህን ቴምር ይዘው መጡና ከጾመኛው ጀምረው ለሁሉም አዞሩ፤ ህንዶቹም፣ የቼልሲ ደጋፊዎቹም፣ እኔም ተቀበልን። ሳምቡሳው ትኩስ ሆኖ ተከተለ። አስተናጋጇ ማፍጠሯን ትታ ጠመኔዋን እንዳነሣች ባየሁ ጊዜ ሰሌዳውን እኔ ልያዝልሽ ብያት ሁለት ኦቨር ጻፍኩ፤ አንዱን ተሳስቼ አርማብኛለች። ራቪንድራ ጃዴጃ በመጨረሻ አራት መትቶ ህንድ በ49ኛው ኦቨር 254 ስትደርስ፣ አርሰናልና ማንቸስተር ዩናይትድ ሊጀምሩ ጥቂት ደቂቃ ነበር የቀረው፤ በሩ ላይ ተራ የሚጠብቁት የኳስ ደጋፊዎች ለማን እንደሆነ ሳያውቁ አብረው አጨበጨቡ።

በጥቅምቱ ጉብኝቴ አንዳንድ ነገር ተሻሽሎ አገኘሁ። ትንሿ ቴሌቪዥን ከመጸዳጃ ቤቱ በር ተነሥታ ወደ ሻይ ቤቱ ተዛውራለች፤ ፊት ለፊቷም ስምንት ወንበር ተደርድሯል። ትልቁ ስክሪን መቼ ወደ ኳስ እንደሚዞር በሩ ላይ በወረቀት ተለጥፏል። የቀረው ድምፁ ነው፤ ሁለቱ ቴሌቪዥኖች እኩል ስለሚጮሁ አንዱም በወጉ አይሰማም። በዚያ ላይ ናቪ ሙምባይ ላይ ዝናብ ጥሎ ጨዋታው በሁለት ሰዓት ዘግይቶ ነበርና፣ ቤቱ ለሚጠብቁት ተመልካቾች ሁለተኛውን ሻይ በነፃ አስቀድቷል።

ለመሄድ ለሚያስብ ሰው የምመክረው ከአንድ ቀኑ ጨዋታ ይልቅ በህንድ ሊግ እንዲጀምር ነው። የሊጉ የማታ ጨዋታ ለአንድ ቡድን 20 ኦቨር ብቻ ሆኖ በእኛ 11 ሰዓት ላይ ስለሚጀምር ለጀማሪ ይቀላል። ከሰሌዳው በኩል ያለውን አግዳሚ ይያዝ። መጠየቅ አይፈር፤ እዚያ ቤት ክሪኬት ማስረዳት የማይወድ ሰው አላጋጠመኝም። ከደሴ የሚመጣ ግን ስለመመለሻው አስቀድሞ ያስብበት። የካቲት ላይ እህቴ ቤት አድሬ ነበር፤ በጥቅምቱ ግን የግድ መመለስ ስለነበረብኝ፣ ህንድ 298 አስቆጥራ ተራዋን እንደጨረሰች ሚኒባስ ፍለጋ ወጣሁ፤ የህንዷ አምበል ሃርማንፕሪት ካውር የመጨረሻዋን ኳስ ስትቀልብ አላየሁም።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ የሚዘጋው ቤት በዚያ ቀን እስከ ፍጻሜው ክፍት እንደነበረ ያወቅሁት፣ አጠገቤ ይቀመጡ የነበሩት መምህር ማታ በቴሌግራም በላኩልኝ ፎቶ ነው። ፎቶው የሰሌዳው ነው። አስተናጋጇ 298 ጽፋ ከሥሩ 246 አድርጋለች፤ አስምራበታለች፤ ከመስመሩ በታች ምንም አልጻፈችም።